ከሙጫ ሥር የገባው ማስጠንቀቂያ

ዛሬ ለመሸኘት የተሰበሰብንላቸው፣ በማተሚያ ቤት ባልደረቦቻቸው ዘንድ ጋሽ ሙጫ በመባል የሚታወቁት ወንድማችን፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ያረፉት ቤተሰቡ እንዲነበብ አስተይቦ እንዳቀረበው «ባደረባቸው አጭር ሕመም» አይደለም። ያንን ወረቀት፣ ይህን ዜና ሕይወት ጽፋ የምታነብላችሁ ታላቅ እህታቸው አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታዋለች፤ ምክንያቱም የሟቹ ሁለተኛ ልጅ ከአባቱ ማተሚያ መኪናውንም ብርጭቆውንም ተረክቦ እዚሁ መካከላችሁ ቆሟልና፣ አክስቱ የእሱንም ዜና ሕይወት ቆማ ማንበብ አትፈልግም። ቅር የሚለው ካለ ይቅር ይበላት፤ ይቅር ባይልም ማንበቧን አትተውም።

ወንድማችን ከመጋዘን ጠባቂ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከሰባት ልጆች አራተኛ ሆነው ተወለዱ። ትምህርታቸውን እስከ አሥረኛ ክፍል የተከታተሉ ሲሆን፣ የእጅ ጽሑፋቸው ከማማሩ የተነሣ መምህራኑ ደብተራቸውን ከክፍል ወደ ክፍል እያዞሩ ያሳዩላቸው እንደ ነበር እናታቸው ለሰማም ላልሰማም ስትናገር ኖራለች። በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው በጠርሙስ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት፣ ሠራተኞቹ ሌብል የሚሉትን፣ በሚያትም ድርጅት ተቀጥረው፣ እሳቸው የለጠፉት ወረቀት ጠርሙሱ ውኃ ውስጥ ቢያድርም አይላቀቅም ስለ ተባለ ቅጽል ስማቸውን በዚያው አገኙ።

በሠላሳ አምስት ዓመታቸው፣ መጠጥ ጉበት እንደሚጎዳና ነፍሰ ጡር ሴት መጠጣት እንደሌለባት የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ በየጠርሙሱ እንዲታተም መንግሥት አዘዘ። የማተሚያ ቤቱ ትልቁ ደንበኛ የነበረው የመጠጥ ፋብሪካ፣ ጽሑፉ የሌብሉን ውበት አበላሸብኝ ብሎ ሰማይ እንደ ተደፋበት ሰው ሲጮህ፣ ወንድማችን ሁለት ቀን አስበው መላ አመጡለት፤ ወረቀቱ ጠርሙሱን ዞሮ አንዱ ጫፍ በሌላው ላይ የሚደረብበት ጠባብ ጠርዝ አለና፣ ማስጠንቀቂያው እዚያ ላይ ታትሞ፣ ሙጫ ተቀብቶ፣ ተደረበበት። ተቆጣጣሪው ወደ ማተሚያ ቤቱ እየመጣ ገና ያልተለጠፈውን ወረቀት ሲያይ ማስጠንቀቂያው ቁልጭ ብሎ ይታየዋልና፣ አመስግኖ፣ ፈርሞ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄድ ነበር። ለዚህ ለተቀደሰ ብልኃታቸው የክፍል ኃላፊነትና በፍሬም የገባ የምስጋና ወረቀት ተሰጣቸው፤ የምስጋናው ወረቀት እስከ ትናንት ሳሎን ተሰቅሎ የነበረ ሲሆን፣ እህታቸው አውርዳዋለች።

በዚያው ድርጅት በወረቀት ቆረጣ ክፍል ትሠራ የነበረችውን ባለቤታቸውን አግብተው ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ፋብሪካው ለውለታው በየወሩ ሳጥን ሙሉ ቢራ ለክፍሉ መላክ ሲጀምር ወንድማችንም ከዚያው ጀመሩ፤ ሲጠጡ የማይሳደቡ፣ የማይማቱ፣ ይልቁንም ጨዋታቸው የሚጣፍጥ ሰው ስለ ነበሩ፣ እናንተ እዚህ የቆማችሁ ወዳጆቻቸው «እሱ እኮ አጠጣጥ ያውቃል» እያላችሁ ብርጭቋቸው እንዳይጎድል ስትሽቀዳደሙ ኖራችኋል። አጠጣጥ ማወቅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ ሬሳው ፊታችሁ አለና፣ አሁን ማየት ትችላላችሁ።

ታላቅ እህታቸው በበኩሏ ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በነርስነት ስታገለግል፣ ቅዳሜና እሑድ በመጣ ቁጥር ከአሥራ አራቱ አልጋ ዘጠኙን የሚይዙት ጠጥተው የወደቁ፣ ጠጥተው የተፈነካከቱና ጠጥተው የነዱ ጎረምሶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። አስም ያፈናት ሕፃን በእናቷ ጭን ላይ ሆና በፕላስቲክ ወንበር ስትጠብቅ፣ አንዱ ሰካራም ከነጫማው አልጋ ላይ ተጋድሞ «የታለ ዶክተሩ፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?» ሲላት፣ እሷም ማን እንደሆነ በሚገባ ታውቅ ነበርና ትውከቱን ትጠርግ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከጤና ቢሮ መጠይቅ የያዙ ልጆች በየቤታችሁ ዞረው ማስጠንቀቂያውን አይታችሁት ታውቃላችሁ ወይ፣ ጎላ ብሎ ቢጻፍስ ትደግፋላችሁ ወይ ብለው ሲጠይቋችሁ፣ አላየንም ማለታችሁ እውነታችሁን ነው፤ ሙጫ ሥር የገባ ጽሑፍ ማን ያያል? ነገር ግን «ጠርሙስ የሚያነብ ማን አለ፣ ሰውን በመጠጡ ምን አስጨነቃችሁ» ብላችሁ ልጆቹን ሳቃችሁባቸው፤ እነዚያው አፎች ናቸው ሆስፒታል ሄደው አልጋ የለም ሲባሉ መንግሥትንና ነርስን የሚራገሙት። ወንድማችንም መጠይቁን ሲሞሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው አላየሁም ብለው ፈርመዋል።

እህታቸው ሰው ስትንቅ ራሷን አትዘልም። ንባቧ ጥሩ ነው እየተባለ በዚህ ሠፈር የአሥራ አንድ ሰዎችን ዜና ሕይወት የጻፈችው እሷ ናት፤ ከአሥራ አንዱ ሰባቱን በገዛ እጇ ጉሉኮስ ተክላላቸው ምን እንደ ገደላቸው እያወቀች፣ ቤተሰብ እንዳያፍር ብላ ለሰባቱም «አጭር ሕመም» ብላ ጽፋለች። ወንድሟ በሙጫ የሠሩትን እሷ በእስክሪብቶ ሠርታዋለች፣ እናንተም ከንፈር መጠጣችሁ፣ ከዚያም ከመቃብር መልስ ለሟች መታሰቢያ ብላችሁ ጠጣችሁ።

የወንድማችን ሕመም ሁለት ዓመት ከአራት ወር የፈጀ ሲሆን፣ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሆዳቸው ውኃ እየቋጠረ በየሁለት ሳምንቱ በመርፌ እየተቀዳ ሳለ ለጠያቂ ሁሉ ጨጓራ ነው ይባል ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ ሆስፒታል የገቡት እሑድ ነበርና አልጋ ጠፍቶ አራት ሰዓት ያህል ኮሪደር ላይ በወንበር ተቀምጠዋል፤ አልጋዎቹን እነማን እንደያዟቸው በሩን አሻግረው እያዩ፣ ከጡረታዋ ተነሥታ አጠገባቸው የቆመችውን እህታቸውን ክንዷን ይዘው የተናገሩት ቃል ይህ ነው። «እኔንም አጭር ሕመም ብለሽ እንዳትለጥፊብኝ። መጠጥ ገደለው በይ፣ ያ ልጅ ይስማ።» ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አረፉ።

እነሆ ተነበበ፤ ወንድማችንን የገደላቸው መጠጥ ነው።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ የበኩር ልጃቸውን፣ ሴት ልጃቸውንና አራት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። ሁለተኛ ልጃቸውንም ትተዋል፤ እሱም ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ሲሆን፣ ዓይኑ ከአባቱ ሬሳ ሣጥን አጠገብ በፀሐይ ብርሃን ሲታይ ቢጫ ነው፣ ይህን ደግሞ አክስቱ ሠላሳ አንድ ዓመት ያየችው ቀለም ስለሆነ አትሳሳትም። የወንድማችንን ነፍስ ፈጣሪ በምሕረቱ ተቀብሎ ያሳርፍልን። የልጁን ነገር ግን ለፈጣሪ ብቻ አንተወውም፤ ነገ ጠዋት በሁለት ሰዓት አክስቱ በሩ ላይ ትቆማለችና ጫማውን አድርጎ ይጠብቃት።