ለነገ የምትደርስ ጥርስ

«ዝናቡስ እንዴት አደረገሽ፣ የኔ ዝምተኛ? እኔማ ከመኪናዬ ወርጄ በሩ ጋ እስክደርስ ጫማዬ ውሃ ጠጣ። ይሄ የኛ መንገድ ደግሞ ሁለት ጠብታ ካየ ኩሬ ካልሆንኩ ይላል… ያንን መብራት ትንሽ ዝቅ አድርጊው እስኪ፣ ዓይኑን ይወጋዋል። እንዲያ። ተባረኪ።»

ረዳቷ የጥርስ ሐኪሟን ቃል ሰምታ መብራቱን ዝቅ አደረገች። ወንበሩ ላይ የተንጋለለው ታካሚ ከንፈሩን ግራና ቀኝ ወጥሮ የሚይዝ ላስቲክ ገብቶለት አፉ እንደተከፈተ ቀርቷል። ከላይ የፊት ጥርሱ ግማሹ የለም። ትናንት መሥሪያ ቤቱ ባደረገው ግብዣ ላይ የጠርሙስ ክዳን በጥርሱ እከፍታለሁ ሲል ነው የሰበረው።

ጠዋት ሲደውል ስልኩን ያነሳችው ረዳቷ ነበረች። ሰውዬው የቆየ ደንበኛ ነው፤ ወሬ ደግሞ ሆዱ ውስጥ አያድርም። «ዛሬውኑ መሠራት አለበት» አላት። «ነገ ጠዋት ችሎት ፊት የምናገረው ነገር አለ፤ አሁን ‹ሰ› ባልኩ ቁጥር ያፏጫል። ከመጋረጃ ጀርባ እየተናገርኩ በፉጨቴ ብታወቅ አያስቅም?» ብሎ ሳቀ። ሳቁም አፏጨ።

ረዳቷ ሳትጨምር ሳትቀንስ ለዶክተሯ ነገረች። ዶክተሯ ወደ መታጠቢያው ሄደው እጃቸውን ከወትሮው አስረዝመው ታጠቡ።

በእጃቸው ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ፣ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ፣ ከታሰረች ወር አልፏታል። ነገ ጠዋት ችሎት ትቀርባለች። ከተፈረደባት ዓመታት ነው። የሚመሰክርባት ከኢንተርኔት አቅራቢው ድርጅት የሚላክ ባለሙያ ሲሆን፣ ስሙ እንዳይጠራ፣ ፊቱም እንዳይታይ ተፈቅዶለታል። ሰውዬው አስተማሪዋ የማን ዘመድ እንደሆነች አያውቅም፤ የአክስትና የእህት ልጅ የአባት ስም አይገናኝም። ቢያውቅማ ኖሮ እዚህ ወንበር ላይ አፉን ባልከፈተ ነበር።

«ምራቁን ምጠጪለት እንጂ፣ እንዳይታነቅብን። ሰው ነው እኮ… ምን እያልኩሽ ነበር? አዎ፣ ስለ ጎበዝ ልጆች። አንቺ መጽሐፍ የምታነቢ ነሽ፣ እስኪ ንገሪኝ፤ ጉብዝና አብሮ የሚወለድ ነው ወይስ የሚለመድ? አንድ የማውቀው ልጅ አለ። ስሙን አልነግርሽም፤ ስሙ ሲነሳ አይወድም፣ ትሑት ነው…

«ይሄ ልጅ ተማሪ ሳለ ኪሱም ጥርሱም ባዶ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ እኔ የማነበው የሙያ መጽሔት ኢንተርኔት ላይ ተዘጋብኝ። ለምን እንደሆነ እንጃ፤ የጥርስ ሥር ሥዕል ሰላም ይነሳ ይሆናል። ልጁ ያንን የእንግዳ መቀበያውን ኮምፒውተር ነካ ነካ አደረገና ቪፒኤን የሚሉትን ነገር ጫነልኝ። ‹ዶክተር፣ ይሄ ማለት ጃንጥላ ነው› አለኝ። ‹ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ከሥሩ ማን እንዳለ አያውቅም።› አቤት አነጋገር! እኔም ጥርሱን ሞላሁለት፣ ተመራረቅን፣ ተለያየን። ያኔ ከትምህርት ቤት እየመጣች እዚያው ኮምፒውተር ላይ የምታጠና አንዲት ልጅ ነበረች፤ አንቺ አልደረስሽባትም። ሥራውን ሊያይ በመጣ ቁጥር ከጎኑ ትቆምና ‹እንዴት ነው የሚሸፍነው?› ትለዋለች። እሱም አይሰለች! ቁጭ ብሎ ያስረዳታል። ስሟን ግን አንድም ቀን አልጠየቃትም። ምነው አስተማሪ በሆነ ያሰኝ ነበር። እሱ ሳይሆን እሷ ሆነች…»

ታካሚው ጨፍኖት የቆየውን ዓይኑን ገለጠ። ረዳቷ ቶሎ ብላ ወደ ቱቦው አቀረቀረች። ሰው ዓይን ውስጥ ማየት ድሮም አይሆንላትም፤ ዛሬ ደግሞ እዚያ ዓይን ውስጥ ምን እንደምታገኝ ፈራች።

«ልጁ አደገልሻ፣ ተመነደገ። ኢንተርኔት ለሕዝብ የሚያከፋፍለው ድርጅት ቀጠረው። እሰይ! ጃንጥላ እንዴት እንደሚዘረጋ ከሚያውቅ ሰው በላይ ማን አሳምሮ ይቀደዋል? አንድ ቀን እንደዚህ ተጋድሞ፣ ማደንዘዣው እስኪሠራ ሥራውን አጫወተኝ። ‹የሰው መልእክት አንከፍትም፣ ዶክተር፤ እኛ ጨዋዎች ነን። ተሸፍኖ የሚሄደውን ከአካሄዱ እንለየውና መንገዱን እንዘጋበታለን።› ልብ አድርጊ፣ አይከፍቱም! በርሽን አያንኳኩም፣ ጓዳሽን አይበረብሩም። ፊትሽን ሸፍነሽ ስታልፊ ካዩሽ ብቻ መንገዱን ያጥሩታል። ፊትሽን ገልጠሽ ካለፍሽ ግን ማን ይነካሻል? እለፊ ይሉሻል። አውቀውሽ ይሸኙሻል… መሰርሰሪያውን አቀብዪኝ።»

ረዳቷ አቀበለች። መሰርሰሪያው ሲጮኽ የእሷ ጥርስ አብሮ ነዘራት። የዶክተሯ እጅ ግን እንደ ሁልጊዜው ነው። የተሰበረውን ጠርዝ እያለሳለሱ፣ ድድ ሳይነኩ፣ የሕፃን ጥፍር እንደሚቆርጥ ሰው በቀስታ ይሠራሉ። ረዳቷን ያስፈራት ይህ ነው። እጃቸው ቢንቀጠቀጥ ይሻላት ነበር።

«የሁለተኛ ክፍል አስተማሪም አውቃለሁ። እሷን ከእሱ ጋር እንዳታወዳድሪያት፤ ያን ያህል ብልህ አይደለችም። ብልህ ብትሆንማ አዲሱ የትምህርት ቤታቸው ሕንፃ ጣሪያው ሲሰነጠቅ ቀና ብላ ታያለች? ሥራዋ ሰሌዳው ላይ፣ ምን ቀና አስባላት? እሷ ግን ፎቶ እያነሳች፣ በዚያ በተማረችው ጃንጥላ ሥር ሆና፣ ስሟን ሳትናገር ለወላጆች ኢንተርኔት ላይ ታወጣላቸዋለች። ወላጆች ያነባሉ። ሕንፃውን ሠርተው የተሸለሙትም ያነባሉ… ከጃንጥላው ሥር ማን እንዳለ ግን ማን ይንገራቸው? በኋላ አንድ ጠዋት ጃንጥላው አልከፈት አለ። ይሄን ሞከረች፣ ያንን ሞከረች፣ ሁሉም ዝግ። የልጁን ጉብዝና አየሽልኝ? አንድ ቀዳዳ እንኳ አልረሳም!

«ታዲያ ጃንጥላ የሌለው ሰው ቤቱ አይቀመጥም? አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ? እሑድ ከሰዓት ክፍሏን ላሰናዳ ብላ ስትሄድ ከጣሪያው የወደቀ ቁራጭ የሕፃን መቀመጫ ላይ አገኘች። መቀመጫው ለሁለት ተከፍሏል። ዝም ማለት አቃታት። ፊቷን ገልጣ አንድ መስመር ጻፈች፤ ‹ነገ ልጆቻችሁን ወደ ሁለተኛው ፎቅ አትላኩ።› ወንጀሏ ይኸው ነው። ሰኞ ጠዋት ጣሪያው ወረደ፤ ባዶ ክፍል ላይ። ‹ሕዝብ አሸበረች› ተባለች። እውነታቸውን ነው! ያ ሁሉ ሲሚንቶ ወርዶ አንድም ልጅ ሳይሞት ሲቀር፣ ሕንፃውን የሠራ ሰው አይሸበርም?»

ታካሚው ግራ እጁን አነሳ። በዚህ ክሊኒክ ግራ እጅ ከተነሳ ሥራ ይቆማል። ረዳቷ ቱቦውን ታወጣለች፣ ታካሚው የሚለውን ይላል፣ ከዚያ ይቀጠላል። ሥራ በጀመረች ቀን ዶክተሯ መጀመሪያ ያስተማሯት ይህንን ነው፤ አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም። እጁን አየችው። አንጓው ላይ ያሰራት ሰዓት አዲስ ነች። ረዳቷ ቱቦውን ከግራ ጉንጩ አወጣችና… ቀኝ ጉንጩ ውስጥ ከተተችው።

ዶክተሯ ከጭምብላቸው በላይ በዓይናቸው ብቻ አዩዋት። ፈገግ ያሉ መሰላት።

«አመመህ እንዴ፣ የኔ ጌታ? አላመመህም? እሰይ፣ ማደንዘዣ ጥሩ ነገር ነው። አንዳንዱማ ያለ መርፌም ይሆንለታል፤ ታድሎ! እጅህን አውርድ፤ ስለ አንተ አይደለም እኮ። የሴት ወሬ ነው፣ አንተን ምን አገባህ?

«የት ደረስኩ… ሰኞ፣ አዎ። የዚያን ዕለት አንቺ ፈቃድ ላይ ነበርሽ። ያ ጎበዝ ልጅ ሴት ልጁን ይዞልኝ መጣ፤ የወተት ጥርሷ ተነቃንቋል። እንዴት ያለች ጨዋታ አዋቂ መሰለችሽ! ሁለተኛ ክፍል ናት። ‹ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ፣ እናቴ?› አልኳት። ‹አባዬ አትሄጂም አለኝ› አለችኝ። ‹ቲቸር ግን ትናፍቀኛለች› አለችኝ። እሱ ስልኩን እያየ ፈገግ ይላል። እኔ ሞኟ ደግሞ ጥርሷን ነቅዬ በጥጥ ጠቅልዬ ሰጠኋት፤ ጎበዝ ነሽ ብዬ ሳምኳት። ነገሩ የገጣጠመልኝ ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

«አየሽ፣ ፊቱን ገልጦ የሚያልፈውን ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። የአስተማሪዋንም መስመር አየ፣ አነበበ። ከዚያስ? አባትነቱን ተመልከቺልኝ! በመጀመሪያ ለልጁ ‹አትሂጂ› አላት። የተጻፈው ከማን ስልክ እንደሆነ ለአለቆቹ የነገራቸው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን ልብ ብለሽዋል? ሌላ ሰው ቢሆን ሥራዬ ሥራዬ እያለ ልጁን ይረሳ ነበር። እሱ ቤተሰቡን አስቀደመ። እንዲህ ያለ አባት ስንት ይገኛል?… ሰማያዊዋን መብራት ያዢልኝ፣ እንዳይንቀሳቀስ። ጥርሷ እየጠነከረች ነው።»

ሰማያዊው ብርሃን የሰውዬውን ፊት ከታች አበራው። ከዓይኑ ጥግ ውሃ ወርዶ ጆሮው ሥር ገባ። እንባ ይሁን፣ አፉ ብዙ ከመወጠሩ የመጣ ውሃ ይሁን፣ ረዳቷ መለየት አልቻለችም። ልትጠርግለት ጥጥ አነሳች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«ትሕትናውን ደግሞ አልነገርኩሽም። ነገ ለዚያች አስተማሪ ሊመሰክርላት… ምን ነካኝ፣ ሊመሰክርባት ሲቀርብ ስሜ አይጠራ፣ ፊቴ አይታይ ብሏል። ለራሱ ጃንጥላ አስፈቀደ! ደግ አደረገ። ጃንጥላ ጥሩ ነገር መሆኑን ያስተማረን እሱ ራሱ አይደል? የሚያስቀኝ ምን መሰለሽ… የተሸፈነ ሰው በአካሄዱ ይለያል ያለንም እሱ ነው። ያቺ ልጅ ስንት ከሰዓት ከጎኑ ቆማ ሲያስረዳት ሰምታዋለች። መጋረጃ ዓይን ይከልላል እንጂ ጆሮ ምን ያደርጋል? ጥርሱን የወርቅ ብታደርጊለት፣ ‹ይሄ ማለት እንዲህ ነው› ሲል ድምፁን የማታውቅ ይመስልሻል?… በይ ላስቲኩን አውጪለት። መስታወት ስጪው።»

ረዳቷ ላስቲኩን አወጣች። የሰውዬው ከንፈር ቦታው ለመመለስ ጊዜ ወሰደ። መስታወቱን ተቀበለ፤ ጥርሱን ግን አላየም። ከመስታወቱ ጠርዝ በላይ ዶክተሯን ያያቸዋል። የተሠራችው ጥርስ ከጎረቤቶቿ አትለይም፤ የተሰበረች መሆኗን የሚያውቅ ካልተናገረ ማንም አይደርስበትም።

«ያምራል አይደል? እኔ የጀመርኩትን ሳላሳምር አልለቅም፤ የማንም ይሁን የማን። እስኪ ለሙከራ አንድ ነገር በል፣ ‹ሰ› ያለበት። ምን ይሻላል… ስምህን በላ! ስምህ በ‹ሰ› አይደል የሚጀምረው?… እንቢ አለህ? ግድ የለም፣ ማደንዘዣው ነው። እስከ ነገ ይለቅሃል።»

ሰውዬው ከወንበሩ ወረደ። ኮቱን አንዱን እጅጌ ገልብጦ ለበሰና አውልቆ እንደገና ለበሰው። ውጭው አላባራም፤ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድበዋል። ረዳቷ በሩን ከፍታ ቆመች። አንገቷን አላቀረቀረችም፤ ሲያልፍ ፊት ለፊት አየችው። ዶክተሯ ጓንታቸውን እያወለቁ እስከ ደጃፉ ሸኙት። ድምፃቸው እንደ ማር ነው።

«ጃንጥላ አልያዝክም እንዴ? ውይ፣ በስብሰህ ልትሞት! እዚያ ጥግ ቆማ የምታያትን አረንጓዴዋን ውሰዳት። የእህቴ ልጅ ናት ባለቤቷ፤ አሁን አታስፈልጋትም፣ ያለችበት ቤት ጣሪያው ጠንካራ ነው ይላሉ… ምነው ቆምክ? ያዛት እንጂ። በል እንግዲህ መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ። ነገ አንደበትህ ይፈታ። ቃልህ ይሰማ። ስምህ በየደጁ ከፍ ብሎ ይጠራ። ልጅህ ትደግልህ… ወግ ማዕረጓን ያሳይህ፣ ሰው ፊት ታኩራህ። አድጋም፣ አምላክ ይስማኝ፣ አስተማሪዋን ትምሰልልህ።»