ነብሮ ለምን አልበላም?

ነብሮ የምንለውን ውሻዬን ባጃጅ ገጭቶት፣ ባሕር ዳር ሐይቁ አጠገብ ካለ የእንስሳት ክሊኒክ አስተኙልኝ። በሦስተኛው ቀን ልጠይቀው ስሄድ የምታስታምመው ነርስ በር ላይ አገኘችኝ።

«ጋሼ፣ እግሩ እየዳነ ነው። ግን ሰው ቆሞ ሲቀርበው ይንቀጠቀጣል፤ መሬት ተቀምጬ በእጄ ካላጎረስሁት አይበላም። ቤት የሚመታው ሰው አለ እንዴ?»

«ኧረ የለም! የሰፈር ሰው ይሆናል እንጂ» አልኋት። ጫማዬን ባኘከ ቁጥር በቀበቶ የምገርፈው እኔው ነኝ። እሷ ግን አምናኝ «አይ የሰው ጭካኔ!» ብላ አዘነችልኝና ይዛኝ ገባች።

«ነብሮ!» ብዬ ጠራሁት። በፋሻ የታሰረ እግሩን እየጎተተ ሄዶ ግድግዳው ሥር ተሸጎጠና ሽንቱን ለቀቀው። ልጅቱ አየችኝ፤ ከዚያ መወልወያ አምጥታ ወለሉን ጠረገች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

«የምመታው እኔ ነኝ» አልኋት።

«አሁንማ አወቅሁ። እንግዲህ ዝቅ ብለው ይቀመጡ፤ እጅዎን ዘርግተው ዝም ይበሉ» አለችኝ።

ከነሱፌ ወለሉ ላይ ተቀመጥሁ። ቁራሽ ሥጋ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ። ብዙ ጠበቅሁት፤ አልመጣም። በመጨረሻ ሥጋውን ከእጄ ወስዳ እሷ ስትሰጠው በላ።