ሳይነበብ የተፈረመ

ልደታ ፍርድ ቤት በር ላይ ፋይል የታቀፈ ጎልማሳ እኔ ያለሁበት ታክሲ ውስጥ ገባና ከፊቴ ከአንዲት አሮጊት ጎን ተቀመጠ።

«ምነው ልጄ፣ ፊትህ እንዲህ የጠቆረው?»

«የአባቴን ቤት ወንድሜ ጠቅልሎ ወሰደው፣ እማማ።»

«እንዴት አድርጎ?»

«ድርሻዬን በስጦታ ለቅቄለታለሁ የሚል ወረቀት ላይ ፊርማዬ ተገኘ። የመብራት ቆጣሪ ለማዛወር ነው ብሎኝ ነበር የፈረምኩት።»

«ሳታነበው?»

«አባታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ወንድምህ የሰጠህን ወረቀት ፊቱ ቁጭ ብለህ ማንበብ እሱን ሌባ ነህ ማለት ነው እያለ ነው ያሳደገን።»

«ደግ ሰው ነበሩ። ወንድምህ ታዲያ ይህን አልሰማም?»

«እንዴት አይሰማ! አንድ መደብ ላይ ተቀምጠን ነው የተመከርነው። ባይሰማ ኖሮማ እንደማላነብ በምን ያውቃል?»



«ለልጆችህስ ምን ልትላቸው ነው?»

«አንብቡ ነዋ! እኔ አባታችሁ የሰጠኋችሁንም ቢሆን አንብቡ እላቸዋለሁ።»

«እግዚኦ! ይሄም ውርስ ሆኖ!»

እህቴ «አንተን ብዬ» ብላ ሳታነብ የፈረመችልኝ ወረቀት ያለበትን ቦርሳ ከጭኔ ላይ አንስቼ እግሬ ስር አስቀመጥኩት።