ልቅሶ ቤት የገባው ሽጉጥ

አቶ ሞገስ ሳክሲ በምትባለው የቴክሳስ ከተማ ልቅሶ ቤት የደረሱት ዝናብ ደብድቧቸው ነው። በዐውሎ ነፋሱ መብራት ጠፍቶ ሳሎኑ በጧፍ ነበር። የቤቱ ሰዎች በር ላይ እርጥብ ጃኬታቸውን ተቀብለው ወደ መኝታ ቤት ወሰዱላቸው። ባገኙት ወንበር ሲቀመጡ አጠገባቸው ሐዳሳ ሆና ተገኘች፤ ካሮልተን ከተማ ሲኖሩ የጎረቤት ልጅ የነበረች፣ ዛሬ ሕግ ተማሪ።

«ጋሼ ሞገስ! አሁንም የኤርፖርት ታክሲ ነው የሚነዱት?»

«አሁንማ ምን ፈርቼ! ላይሰንስ አወጣሁ እኮ፣ የሽጉጥ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ታክሲዬ ውስጥ እንደዘረፉኝ ቀን ማንም አንገቴ ላይ ቢላ አያደርግም።»

«ኦኬ… አሁን የት ነው ያለው?»

«ጃኬቴ ኪስ።»

«ጃኬትዎስ?»

«ውስጥ ነዋ፣ አልጋ ላይ፣ ከሰው ልብስ ጋር። ምነው?»

የሐዳሳ ፊት ተለዋወጠ። «ጥይት አለበት?»

«ባዶውን ምን ያደርግልኛል? አንቺ ልጅ ደግሞ! ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ አሻራ ሰጥቼ ያገኘሁት ፈቃድ ነው።»

«ፈቃዱ እንዲይዙት ነው እንጂ እንዲተዉት አይደለም፣ ጋሼ። ማለቴ፣ ካወለቁት ይቆለፍበታል። ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ ጥይት ያለበት ሽጉጥ መተው በቴክሳስ ሕግ ያስጠይቃል።»

«ልቅሶ ቤት ማን ይሰርቀኛል? ሁሉም ወገን ነው!»

«ሌባ መቼ አልኩ? ልጆች አሉ።»

አይ የእኛ ነገር! በር ላይ ሌባ እንጠብቃለን እንጂ የገዛ ኪሳችን መች ትዝ ይለናል። አቶ ሞገስ ጆሯቸውን ወደ መኝታ ቤቱ ጣሉ። ቅድም ውስጥ ሲንጫጩ የነበሩት ሕፃናት ድምፅ የለም። መቼ ጸጥ እንዳሉ አላስተዋሉም።

ተያይዘው ገቡ። መኝታ ቤቱ ጨልሟል፤ ማንም የለም። አልጋው ላይ ጥቁር ልብስ እስከ ትራሱ ተከምሯል። ሐዳሳ የስልኳን መብራት ስታበራ ክምሩ ቀስ ብሎ ከፍ አለ፤ ቀስ ብሎ ዝቅ አለ። ይተነፍሳል።

«በስመ አብ!» አሉ አቶ ሞገስ።

ካፖርቱን በቀስታ እያነሡ ከሥር ደረሱ። ዜማ፣ የሟች የልጅ ልጅ፣ እንቅልፍ ወስዷታል። ቀኝ እጇ የአቶ ሞገስ ጃኬት ኪስ ውስጥ እስከ አንጓዋ ገብቷል።

አቶ ሞገስ አፈሙዙን ከልጅቷ አርቀው ያዙ፤ ሐዳሳ የልጅቷን ትንንሽ ጣቶች ከሽጉጡ ላይ አንድ በአንድ ፈለቀቀች። ሕፃኗ ዓይኗን ሳትገልጥ «ይቀዘቅዛል» አለችና ተገላበጠች።

አቶ ሞገስ ጥይቱን አውጥተው ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ፤ እንባቸው መጣ። «ፍርድ ቤቱስ ይቅር። እናቷን ምን እላት ነበር?»

«ሶ፣ ከዛሬ ጀምሮ መኪናዎ ውስጥ የሚቆለፍ ሳጥን ይኑር። ሰው ቤት ሲሄዱ እዚያ ይቆለፍ። እርስዎም ከእስር ይድናሉ፣ ልጆቹም ይተርፋሉ፣ ሰውም ሳይሰጋ በሩን ይከፍትልዎታል።»

«ይሁን ልጄ፣ ገብቶኛል። አሁን ግን ልዩን ጥሪልኝ፤ እናቷ ናት፣ ከእኔ አፍ ትስማው።»

ልዩ መጣች። አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። አልጮኸችም።

«በየትኛው እጇ?» አለች ብቻ።

ቀኙን አሳዩዋት። ልዩ አልጋው ጫፍ ተቀምጣ ያንን እጅ ሳመችው፤ ለቀስተኛው ሁሉ ተሰናብቶ እስኪሄድም አልለቀቀችውም።