የቀዩ ተራ

(ደብረ ብርሃን፣ ነሐሴ፤ ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። የኮምፒውተር ጥገና ሸሪኮቹ መክብብና የእህቱ ባል እንዳሻው ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል አንድ ክዳኑ የተነሳ ኮምፒውተር ፊት ቆመዋል።)

መክብብ፦ ክፈተው እንጂ መስኮቱን። አንድ ጣት የምታሾልክ ያህል ብቻ።

እንዳሻው፦ አልከፍትም። አንድ ጣት እርጥበት ገብቶ ቦርዱ ላይ ውሃ ቢሆንስ? አምና የተቃጠለው አይበቃኝም?

መክብብ፦ ከበሩ ሥር ብርድ ልብስ ጠቅጥቀሃል፣ መስኮቱን በፕላስተር አሽገሃል። ፕሮሰሰሩን ለማቀዝቀዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን እኮ ነው የምናፈስሰው። ሁልጊዜ ግቢ ውስጥ የምናደርገው ለምን ሆነና? አየሩን ገፍቶ ያስወጣዋል። አይሸት፣ አያስል፣ ዝም ብሎ ነው ሰው የሚጥለው። ይህን ያስተማርከኝ ደግሞ አንተው ነህ።

እንዳሻው፦ ጠዋት ያንተ ሰማያዊ ማርካ ፕሮሰሰር ግቢ ውስጥ ሲሮጥ ፀሐይ ነበር። የኔ ቀይ ተራው ሲደርስ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናቡን እኔ ጠራሁት?

መክብብ፦ ለነገ እናድርገው አልኩህ።

እንዳሻው፦ እስከ ነገ ታንኩ ውስጥ ምን ይቀራል? የኮርማ ዘር በናይትሮጅን ከሚያቆዩት የላም ማዳቀያ ሰዎች ስንት ደጅ ጠንቼ ያመጣሁት ነው። ዝም ብሎ ተቀምጦ ይተናል፣ ግማሹን ደግሞ ጠዋት አንተ ጨርሰኸዋል። ቁጥርህን ኪስህ ከትተህ ‹‹ለነገ›› ማለት ቀላል ነው።

መክብብ፦ ሰባት ጊጋኸርዝ ፍጥነት ነው ያመጣሁት። አላፍርበትም።

እንዳሻው፦ መች አፈርክ። ከጠዋት ጀምሮ እሱን ስትነግረኝ ነው የዋልከው። ሰባት ነጥብ አንድ ካመጣሁ ግን ውል ውል ነው፤ የተሸነፈ ከሱቁ ይወጣል።

መክብብ፦ ያን ውል ስንገባ ተናደን ነበር።

እንዳሻው፦ እኔ አሁንም ተናድጃለሁ። በል ቴርሞሜትሩን ያዝልኝ፣ ላፈስ ነው።

መክብብ፦ ኧረ በፈጠረህ። ፋብሪካው በአምስት ይሂድ ብሎ የሠራውን ፕሮሰሰር በሰባት አስኬዳለሁ ብሎ የሚሞት ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ።

እንዳሻው፦ ተረቱን ተወውና ቁጥሩን አንብብ።

መክብብ፦ ከዜሮ በታች መቶ ሰባ። አሁን መቶ ሰባ አምስት።

እንዳሻው፦ አየህ፣ ቀይ ብርድ ይችላል። ለደንበኛ ሁሉ ምን ነበር የምትለው? ‹‹ቀዩ ለደብረ ብርሃን ሰው ጥሩ ነው፣ ማሞቂያ አያስገዛም።››

መክብብ፦ ቀልድ እኮ ነው።

እንዳሻው፦ ለአንተ ቀልድ ነው። ሰው ሳቀ፣ እየሳቀ ወደ አንተ ጠረጴዛ ሄደ። እኔ የአማቼን ሱቅ አቧራ የምጠርግ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ወይንሸት ራሷ፣ የገዛ ሚስቴ፣ ‹‹እስቲ አንተም እንደ ወንድሜ ሰማያዊውን ብትይዝ›› አለችኝ። እራት አቅርባ እኮ ነው እንደዚያ ያለችኝ። አንጀቴ ነው ያረረው፣ መክብብ።

መክብብ፦ ታዲያ ይህን ለምን አልነገርከኝም?

እንዳሻው፦ ነግሬህ ደንበኛ ፊት ልትደግመው? ስድስት ነጥብ ስምንት ደረሰ።

መክብብ፦ አንተን አያዞርህም? እኔን እያዞረኝ ነው።

እንዳሻው፦ ቁርስ ሳትበላ ወጥተህ ነው።

መክብብ፦ በልቻለሁ። ጣቴ ደንዝዟል፣ ደግሞ ምንም የሚያስቅ ነገር ሳይኖር ሳቄ ይመጣል። እንዲህ ነው የሚጀምረው ብለኸኝ የለ?

እንዳሻው፦ ሽንፈትም እንዲህ ነው የሚጀምረው። ስድስት ነጥብ ዘጠኝ።

መክብብ፦ እልኽ ምላጭ ያስውጣል፣ እንዳሻው።

እንዳሻው፦ እውጠዋለሁ። ሦስት ዓመት ስውጥ አልነበር?

መክብብ፦ ስልክህ እየጠራ ነው። ወይንሸት ናት።

እንዳሻው፦ አታንሳው።

መክብብ፦ በየት እጄ ላነሳው። ቴርሞሜትሩ እንኳን ከእጄ ወድቋል፣ አላየህም?

እንዳሻው፦ አላየሁም። እኔ የማየው ስክሪኑን ነው። ሰባት... ሰባት ነጥብ አንድ። ሰባት ነጥብ አንድ፣ መክብብ። እግዚአብሔር ይስጠው፣ ዛሬ እንኳ አላሳፈረኝም። አሁን ኮምፒውተሩ ሳይጠፋ የፍጥነት ፈተናውን እስከ መቶ በመቶ መጨረስ ብቻ ነው የሚቀረው።

መክብብ፦ አየሁት። ደግ ነው። ልቀመጥ፣ እግሬ ከድቶኛል።

እንዳሻው፦ መሬት ላይ አትቀመጥ። ቀዝቃዛው ጋዝ ታች ነው የሚተኛው።

መክብብ፦ ተቀምጫለሁ እኮ። በሩን ክፈትልኝ። ያንን ብርድ ልብስ ሳብ አድርገው።

እንዳሻው፦ አርባ በመቶ ላይ ነው። እጄን ካነሳሁ ይሞቅና ይጠፋል፣ ሁሉም ከንቱ።

መክብብ፦ አሸንፈሃል በቃ። ሱቁን ውሰደው፣ ነገውኑ እወጣለሁ። በሩን ብቻ።

እንዳሻው፦ እንዲህ ተለምኜ አይደለም የማሸንፈው። ነገ ነፋስ ሲነካህ ‹‹አዙሮኝ ነው ያልኩት›› ትላለህ። አውቅሃለሁ።

መክብብ፦ አልልም። እህቴን ያሳጣኝ።

እንዳሻው፦ በእሷ አትማልልኝ፣ እሷም ያንተው ወገን ናት። ስልሳ።

መክብብ፦ እንዳሽ... ያንተም ምላስ እየተሳሰረ ነው። ሁለታችንም እዚህ ልንቀር ነው።

እንዳሻው፦ ይሰማኛል። ፈርቻለሁም፣ አልዋሽህም። ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆኗል። ይህን ትቼ ብወጣ ዕድሜ ልኬን ‹‹ሊሞላለት ሲል ሮጦ ወጣ›› ነው የምትሉኝ። ሰማንያ። አትናገር፣ ትንፋሽህን ቆጥብ።

መክብብ፦ ማንም... ምንም አይልህም... እንዳሽ...

እንዳሻው፦ ዘጠና። እየመጣሁ ነው። እንዳትተኛ ብቻ። ሰማህ? አንድ ነገር በለኝ እስቲ። ስደበኝ።

መክብብ፦ ...

እንዳሻው፦ ቀዩን ስደበው። ምድጃ ነው በለው፣ አልቀየምህም። ዘጠና ስምንት... ሞላ። መክብብ፣ ሞላ፤ ቀይ አሸነፈ። ቀና በልና እየው። ቀና በል እንጂ ወንድሜ፤ አንተ ካላየኸው ማንን ነው ያሸነፍኩት?