ብረት አይንካው

ሳል ከስርቆት በላይ በሚያሳፍርበት በፈረንጆቹ 2021 ጸደይ፣ አቶ ፈድሉ ሰንራይዝ ማነር በተባለው የአሜሪካ በረሃማ ከተማ ውስጥ የኮቪድ ክትባት ተከትበው «ጥቂት አረፍ ብለው ይሂዱ» ተባሉ። ማረፍስ የት አለ! ይነሳሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው መልሰው ይከታሉ። የነገውን የሐኪም ቀጠሮ ሊሰርዙ አስበው ጣታቸው እምቢ ብሏቸዋል። በዚህ መሀል ሳል አጣደፋቸው። አጠገባቸው የነበረው ሰው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ሸሸ።

«ኮቪድ አይደለም እኮ! ምን ያስሮጣችኋል?» አሉ ትንፋሽ እየቆራረጣቸው በአማርኛ፣ ማን እንዲሰማቸው እንደሆነ እንጃ።

«ታዲያ ምንድን ነው፣ አባባ?» አለች ክትባት የምትሰጥ አንዲት ሐበሻ ወጣት፣ ወንበር አስጠግታ እየተቀመጠች። አይናለም ትባላለች፤ የወትሮ ሥራዋ የካንሰር ክሊኒክ ነርስነት ነው።

ለገዛ ልጃቸው ለናጃት «የበረሃው አቧራ ነው» እያሉ የደበቁትን ለማያውቋት ልጅ ዘረገፉት። ሰው መቼም እንዲህ ነው። ወጣትነታቸውን መርካቶ ጋራዥ ውስጥ የፍሬን ሸራ ሲሞርዱ ነው የጨረሱት። ሐኪሞቹ መንስኤው ያኔ ከሸራው የተነፈሱት፣ አስቤስቶስ የሚባል ማዕድን ብናኝ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል፤ ይኸው ስንት ዘመን ቆይቶ የሳንባቸውን ሽፋን ካንሰር ያዘው። ስሙ ሜሶቴሊዮማ ነው።

«ነገ ደረትህን ወግተን ሳንባህ ዙሪያ የቋጠረውን ውሃ እንቅዳ፣ ከዚያ ሕክምና እንጀምር ይላሉ። እኔ አላስነካም! ካንሰር ብረት ከነካው ይሰራጫል። የጋራዥ ጓደኛዬ ሀብተሥላሴ ኦፕራሲዮን በሆነ በወሩ ነው የቀበርነው።»

«ነፍስ ይማር። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሐኪም ቤት የገባው በእግሩ ነበር?»

«ምን እግር አለው! ተሸክመን ነው የወሰድነው። ካመመው ዓመት አልፎት ነበር።»

«ታዲያ የገደለው ቢላው ነው ወይስ መዘግየቱ?»

አይ እኛ! በሽተኛውን ሞት አፋፍ ድረስ አስታመን እንወስደውና፣ ሲሞት ቢላውን እንከሳለን።

«እሺ፣ ይድናል ወይ?» አሉ አቶ ፈድሉ ቆጣ ብለው።

«አልዋሽዎትም፣ አባባ። አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ አይድንም። ግን አይድንም ማለት አይታከምም ማለት አይደለም። ውሃው ሲቀዳ ትንፋሽ ቀለል ይላል። ቀዶ ሕክምናው የሚሆነው ለጥቂት ሰው ነው። ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት አለ፤ አምና ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃቃ መድኃኒት፣ ኢሚውኖቴራፒ፣ ተፈቅዷል፤ ዕድሜ የጨመረላቸው አሉ። ሁሉም የየራሱ ጉዳት አለው። ለእርስዎ የቱ እንደሚሻል ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።»

«ፓሊየቲቭ ያሉኝስ? ቤትህ ሂድና ሙት ማለት አይደል?»

«ኧረ በጭራሽ! ሕመምዎንና ትንፋሽ ማጠሩን ያስታግሱልዎታል፤ ከሌላው ሕክምና ጎን ለጎን ይሄዳል።»

አቶ ፈድሉ ስልካቸውን ዘረጉላት። «እንግዲያው ለናጃት አንቺ ንገሪልኝ፣ ልጄ።»

«እሱን እንኳ አላደርገውም። በሰው አፍ የሚነገር መርዶ ነው። እርስዎ እኮ በሕይወት አሉ!»

ራሳቸው ደወሉ። ናጃት በምትሠራበት ካዚኖ ሺፍት ላይ ነበረች። «ልጄ፣ አቧራ አይደለም። ካንሰር ነው። ነገ ሕክምና ልጀምር ነው፤ አብረሽኝ ነይ።» የፈሩት ለቅሶ መጣ። ግን ልጅቷ ሺፍቷን ጥላ ስትመጣ፣ ብቻቸውን ሲሸከሙት የከረሙት ፍርሃት እኩሌታው የወረደላቸው መሰላቸው።

በማግስቱ ውሃው ተቀዳ፤ ኢሚውኖቴራፒውም ቀን ተቆረጠለት። ካንሰሩ አልጠፋም። ወደ ቤት ሲመለሱ ግን አቶ ፈድሉ ድምፃቸው ሳይቆራረጥ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ «ቀስ ብለሽ ንጂ! ፍሬኑን እንዲህ አትርገጪው!» ብለው ጮኹ። ለወራት የአባቷን ድምፅ እየተቆራረጠ ስትሰማ የከረመችው ናጃት ዕንባዋን በመዳፏ እየጠረገች፣ «ተቆጣ፣ አባዬ፤ ተቆጣ» አለች።