ጎረቤቴ እስክትወጣ

— ሄሎ? … አዎ፣ እኔው ነኝ፤ አያቷ። ማን ልበል? … ከዩኒቨርሲቲው? … እንደምን ዋልክ ልጄ። … ኧረ አትጩህ፤ ያረጀው ጉልበቴ ነው እንጂ ጆሮዬ አይደለም።

— አንቺ ልጅ፣ ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንሺው፤ ልታሳርሪው ነው። የሚያወራው ከእኔ ጋ ነው፣ ዓይንሽን አታቁለጭልጪብኝ።

— አቤት? … አውቃለሁ፣ ነግራኛለች። የመግቢያ ፈተናው ላይ ነጥቧ ለጥቂት ጎደለ። እናንተ ደግሞ ዓመት ሙሉ እዚያው አኑራችሁ፣ አስተምራችሁ፣ ፈተናውን ታስደግሟታላችሁ፤ ካለፈች ትገባለች። … እሺ፣ የምትጠይቀኝን ጠይቀኝ።

— ኑሯችን? … ኑሯችን ምን ሆነ? ሙሉ ነው። … ችግር? በማን ቤት? … ይኸው ጎረቤቴ የባሏን ሸሚዝ ልትወስድ መጥታ ተቀምጣለች፤ ችግር በእኛ ደጅ አልፎ እንደሚያውቅ እሷን ጠይቃት። … አላሾፍኩም።

— የምታጠናበት? … ቦታ ሞልቶ። መብራቱ ለብቻው ነው፣ እንደ ፀሐይ። መጽሐፎቿም ከፍ ብለው ነው የሚቀመጡት፣ አቧራ አይነካቸውም። … አስጠኚ? አላት እንጂ። ጠዋት ማታ ከአጠገቧ የማይለይ።

— እንዴት? … ቆይ፣ ድገምልኝ። … ቦታው አቅም ለሌላቸው ልጆች ብቻ ነው? … እና ለሌላ ልትሰጡት?

— አንቺ ልጅ፣ አትቆንጥጪኝ። ሰምቻለሁ።

— ሄሎ፣ ልጄ፣ እንዳትዘጋው። … ጎረቤቴ፣ ደጅ የተሰጣው አንሶላ ያንቺ አይደለም? ሊያካፋ ነው። … ሰማዩን ተዪው፣ ጉልበቴ ነግሮኛል። … ሂጂ ባክሽ፣ ሸሚዙ የት ይሄዳል? ገና አንገትጌው አልተተኮሰም።

— ወጣች? በሩን ግጠሚው።

— ሄሎ? አለህ? በል ቶሎ ስማኝ፤ እስካሁን ያልኩህን ሁሉ ተወው። … መዋሸቴ አይደለም፣ ሰው ስለነበረ ነው። ሬዲዮ ነው የምንላት። ጠዋት የነገርካትን ከምሳ በፊት መንገደኛ ይነግርሃል። ልጇን ኮሌጅ ከፍላ ካስገባች ወዲህ ደግሞ አንገቷ አልታጠፍ ብሏል። ገበናዬን በእሷ ፊት ከምዘረግፍ ምላሴን ብውጠው ይሻለኛል።

— እውነቱማ … የሰው ልብስ አጥቤ፣ ተኩሼ ነው የማድረው። ልጅቷ እናት አባት የላትም፤ በእኔው እጅ ነች። ቤታችን አንድ ክፍል ነው፣ ግማሹንም የሰው ልብስ ይዞታል። … መብራቱ? የመንገዱ ነዋ፣ በመስኮት ይገባል። … መጽሐፎቹ? ስታጥብ እጇ አረፋ ነው፤ ስለዚህ ገመዱ ላይ በመቆንጠጫ እሰቅልላታለሁ፣ እያሸች ታነባለች። ሲያልቅባት ትጠራኛለች፣ ገጹን እገልጥላታለሁ።

— አስጠኚዋማ እኔ ነኝ። … የለም፣ ፊደል አልቆጠርኩም። ግን የሚያነብንና የሚያንቀላፋን ሰው ለመለየት ምን ፊደል ያስፈልጋል? … ሳቅክ? ሳቅ። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘቅዝቄ ሰቅዬላት፣ «ተይው አያቴ፣ እንዲሁ አነበዋለሁ» ብላኝ ጨረሰችው። እስቲ እንዲህ ያለች ልጅ ደጅ ትቀር?

— ምን አልክ? … እዚያ ስታድር እኔን ማን ያግዘኛል? … እሱን እንኳ አትጠይቀኝ። እሷ ሳትወለድም እጅ ነበረኝ። … አዎ፣ አንሶላ ለብቻ አይጨመቅም፤ እና እሱን ብለህ ልታስቀራት ነው? … በል እንግዲያው።

— ኮቴ ሰማሁ። መጣች።

— እንዲያ ነው አስተማሪው። መቼም ይህን ያህል ከፈለጋችኋት ምን አደርጋለሁ? … መብራቱ? እንደ ፀሐይ ነው አልኩህ እኮ። … ገባህ አይደል? ብልህ ነህ፣ እናትህ ይባረኩ።

— ተቀበላችኋት? … ልጄ፣ ድምፅህን ከፍ አድርገው፤ ጆሮዬ ድንገት ያዝ አደረገኝ። … ከፍ፣ ከፍ አድርገው። … ከሰኞ ጀምሮ? … ዩኒቨርሲቲው ውስጥ? … አሁን ሰማሁ። ሁላችንም ሰማን። ቸር ዋል።

— እንግዲህ ምን ላድርግ ጎረቤቴ፣ አልሰጥም ብል ለመኑኝ። … ዝናቡማ ሐሳቡን ቀየረ፣ እኔን ለምን ትቆጪኛለሽ? … አንቺ ልጅ፣ ስታለቅሺ ከሸሚዙ ራቅ በዪ፤ ለሰው እንባሽን ተኩሰን ልንሰጥ ነው? … ይልቅ ጎረቤቴ፣ አንሶላውን ካመጣሽው አይቀር በዚያ ጫፍ ያዢልኝና ላጥፍልሽ። … እህ፣ ወጠር አድርጊው። ከሰኞ ወዲያ ከኔ ጋ የምትጨምቂው አንቺ ነሽ፣ ከአሁኑ ልመጂ።

— ምን? … አልተዘጋም እንዴ? እስካሁን ሲሰማ ነበር? … አንቺ ልጅ፣ ስልኩን ወደ አፌ አስጠጊልኝ እስቲ።

— ልጄ፣ ሳቅህን ጨርስና ዝጋው አንተው፤ የኔ እጅ አንሶላ ይዟል።